ዴር ወይስ ዲ

መምህር ይኄይስ በቀይ ከበቧት
አንዲት ትንሽ ቃሌን፣ ሦስት ፊደል ያላት።
ከጎኗ ጻፉልኝ በዚያ ደቃቅ እጅ፦
«ጣና ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ወንድ ነው፣ ልጅ።»

«ዴር ዜ» ካሉ ሐይቅ ነው፣ ወንድ፣ ማዶ ያለው፤
«ዲ ዜ» ካሉ ባሕር፣ ሴት ናት፤ ዳሯን ማን አየው?
ስሙ አንድ፣ ሆሄው አንድ፣ ድምፁም አንድ ሆኖ
ውኃው ይሰፋል፣ ይጠባል፣
ከፊቱ በቆመች በአንዲት ኩርማን ቃል ተወስኖ።

እኔ ግን ምን ላድርግ? ተወልጄ ያደግሁት
ሰዉ «ባሕር ወረድሁ» ሲል እየሰማሁት፣
ከተማዬም ስሟን ባሕር ዳር ብላለች፤
«ሐይቅ ዳር» ቢሏት ዞራ መች ታያለች?

ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ስም ሲጠራ አራት ነን።
ወለላ አስጎብኚ ነበረች፤
እንግዳው ሲጠፋ ሰዋስው ላይ ተሳፈረች።
ጥላዬ ፈተናውን ሦስቴ ተቀምጦ ሦስቴ በሁለት ነጥብ ወደቀ፤
ሚስቱ እንዳለችው በእንቅልፍ ልቡ ግስ ለሁለት ይገምስና
ጭራው ጠፍቶበት ይነቃል፣ ሳይነጋ ገና።
አራተኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ዘንድሮ መንገድ ሲዘጋ ቀረ፤
መምህር ግን ስሙን ይጠራሉ፣
ትንሽ ይጠብቃሉ፣ እንደነበረ።

እሳቸው ላይፕዚግ ነው የተማሩት፣ በደርግ ጊዜ፣ በወጣትነት።
ያኔ የገዙት ካፖርት ዛሬም ከቢሯቸው በር ኋላ ተሰቅሏል፤
በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ብሉ ራሱ ሰልችቶታል።

ባለፈው ሳምንት ያስተማሩን ስለ ሰው ወሬ ነበር፦
ጀርመን ከሌላ የሰማውን ሲያወራ
የግሱን ጫፍ ያጎብጣል፤
«እኔ አላየሁም፣ ሰው ነው ያለኝ» ማለቱ ነው።
ሰሌዳው ተሞላ፤ መብራት ጠፋ፤
እሳቸው በጨለማው ውስጥ ጠመኔውን ያንጫጫሉ።
እኔ አባቴን አስብ ነበር።
ጀልባ ነጂው ይርሳው ወሬውን ሁሉ የሚቋጨው በአንድ ቃል ነው፦
«እምቦጩ ወደ ደልጊ ዞረ፣ አሉ።»
«ቤንዚን ሊጨምር ነው፣ አሉ።»
«አንሙት የጀርመን ቋንቋ ይማራል፣ አሉ።»
ይህን የመጨረሻውን ለጎረቤት ሲነግር
እኔ እዚያው ከጎኑ ተቀምጬ
የቆሮሶ እሾህ ከጥርሴ እለቅም ነበር።

እሑድ ወረቀቱን አጥፌ ወደ ወደቡ ወረድሁ።
የሞተሩን ክዳን ፈትቶ፣ መፍቻውን በጥርሱ ይዞ አገኘሁት።
«አባዬ፣ ጣና ወንድ ነው ሴት?» አልሁት።
መፍቻውን ከአፉ አወጣ። ውኃውን አላየም፤
ያየው ደመናውን ነው፣ ከዘንባባዎቹ በላይ።
«ጠዋት ሐይቅ ነው» አለኝ።
«ከቀትር ወዲያ፣ ነፋሱ ሲነሣ ግን፣ ባሕር ናት።»
መፍቻውንም መልሶ ነከሰ።

«ነው» ብሎ ጀምሮ «ናት» ብሎ ጨረሰ፤
ሁለቱንም ዳር በአንድ ትንፋሽ ደረሰ።

ማታ እርማቴን ጻፍሁ። ቀዩን ክብ አልነካሁትም፤
ከሥሩ «ከቀትር በኋላ» ብዬ ጨመርሁ ብቻ።
ማክሰኞ ሲመለስልኝ አንድ ቃል ነበረበት፣
በቀይ፣ በአማርኛ፦
«ምንጭ?»

ግርጌው ላይ ጣት የማታህል ቦታ ቀርታለች።
ይርሳው፣ ጀልባ ነጂ፤ የቃል መረጃ፤
እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፤
ውኃው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።
ግሱ ላይ ስደርስ እጄ ጥቂት ቆመ፤
ጫፉን ግን አላጎበጥሁትም።
«አሉ» አላልሁም።
በጆሮዬ ሰምቻለሁና ቀጥ አድርጌ ጻፍሁት፦
አለ።